ያ ልጅ ለምን ሰረቀ?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም ከተሰጠ ንግግር)

 

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ወጣት ጥፋተኞች ነው። ወጣት ጥፋተኛ ማለት ገና ለዐቅመ አዳም ወይም ለዐቅመ ሔዋን ሳይደርስ ሕግ የጣሰ ልጅ ነው። ኪስ ያወልቃል፤ ከሱቅ ዳቦ ይሰርቃል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ መንገደኛ ይደበድባል። የሰፈር ሰው ዱርዬ ይለዋል።

እንዲህ ያለው ልጅ ሲያዝ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው ጥያቄ «ምን አደረገ?» የሚል ነው። ቀጥለንም «ስንት ይገረፍ? ስንት ዓመት ይታሰር?» እንላለን። ሌላም ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ይህ ልጅ ምን ጎድሎት ነው?» የሚል። ይህ ጥያቄ ከዳኛ ፊት እስኪደርስ ድረስ ረጅም ዘመን ወስዶበታል። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚያን ጥያቄ ታሪክ ነው።

ታሪኩ ከእንግሊዝ አገር ይነሣል። ከዚያ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በእኛው አገር የሕግ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። የውጭውን አገር ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ዘመን በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን። ዓ.ም. የሚል ስታዩ የእኛ ነው።

እስቲ በ1815 ወደ ነበረችው ለንደን እንሂድ። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር እንግሊዞችና ጓደኞቻቸው ናፖሊዮንን ዋተርሉ በሚባል ቦታ ድል አደረጉት። ብዙ ዘመን የቆየው ጦርነት አበቃ። ሰላም ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ወታደሩና መርከበኛው በሺህ በሺህ እየተሰናበተ ባዶ እጁን ወደ ከተማ ገባ። ሥራ የለም። በዚያው ዓመት የአገሩ ፓርላማ ርካሽ እህል ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ለባለ መሬቱ ጠቀመ፤ ዳቦ ገዝቶ ለሚበላው ግን ጠላት ሆነ። በዚህ ላይ በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የሚባል ተራራ እሳት ተፍቶ አመዱ ሰማዩን ስለ ጋረደው፣ በ1816 በአውሮፓ በጋው እንደ ክረምት ቀዘቀዘ። አዝመራውም ተበላሸ። የዳቦ ዋጋ ሰማይ ነካ።

ከዚህ ቀድሞ የመጣ ሌላ ጣጣም ነበር። በገጠር የጋራ ግጦሽና የጋራ መሬት እየታጠረ ለባለ ሀብት ይሰጥ ነበር። ላም ያላችሁ ሰዎች ግጦሽ ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። አንዲት ላሙን የሚያሰማራበት ያጣ ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ለንደን በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ታጭቆባት ነበር።

የልጆቹን ነገር ያባሰው ግን ሌላ ነው። በቀድሞው ልማድ አንድ ልጅ ሙያ እንዲማር ለባለ እጅ ይሰጥ ነበር። ለአናጢ፣ ለጫማ ሰፊ፣ ለሸማኔ። ልጁ 7 ዓመት ያህል በጌታው ቤት ያድራል፤ ከጌታው ማዕድ ይበላል፤ ሲያጠፋ ጌታው ይቆጣዋል። ይህን ልማድ በሕግ ያጸናው በ1563 የወጣ አዋጅ ነበር። የአዋጁ ክፍል በ1814 ተሻረ። ከዚያም በፊት ቢሆን ጌቶቹ ልጅን ቤት አስገብቶ ከመቀለብ በቀን ሒሳብ ማሠራት ረከሰላቸው። ስለዚህ ልጁ ሥራ ሲገኝ ይሠራል፤ ማታ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ሰው የለም። ደኅናም ሙያ አይማርም።

እንግዲህ የለንደን ጎዳና በልጆች ቢሞላ ምን ይደንቃል? ክብሪት ይሸጣሉ፤ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ድልድይ ሥር ያድራሉ፤ ሲመቻቸውም መሐረብ ይሰርቃሉ። ባለ ሀብቱ ደነገጠ። በ1816 ፒተር ቤድፎርድ የሚባል የሐር ነጋዴና ጓደኞቹ የተሳተፉበት ኮሚቴ «የልጆች ጥፋት ለምን በዛ?» ብሎ መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ አወጣ። የኮሚቴው ሰዎች እቤታቸው ተቀምጠው አልጻፉም። ወህኒ ቤት ገብተው ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቁ።

ያገኙት ምክንያት ምን ነበር? ወላጆች ልጆቻቸውን ችላ ማለታቸው፣ ትምህርት ማጣት፣ ሥራ ማጣት፣ በጎዳና ላይ ቁማር መጫወት፣ የእሑድን ሰንበት አለማክበር። ራብና ሰንበት በአንድ መዝገብ ላይ እኩል ተቀምጠው ስታዩ፣ ጻፊዎቹ ጠግበው ያደሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይገባችኋል። ቢሆንም አይታሙም። ጣታቸውን በልጆቹና በወላጆቹ ላይ ብቻ አልቀሰሩምና። የሕጉ ጭካኔ፣ የወህኒ ቤቱ አያያዝና የፖሊሱ አሠራርም ልጆችን ሌባ እያደረገ ነው ብለው ጻፉ።

ይህ የፖሊስ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለንደን እስከ 1829 ድረስ የተደራጀ የፖሊስ ሠራዊት አልነበራትም። ሌባ የሚይዙ ሰዎች በከባድ ወንጀል ያስፈረዱበት ሰው ሲኖር 40 ፓውንድ ሽልማት ያገኙ ነበር። የዚያን ጊዜ 40 ፓውንድ ብዙ ገንዘብ ነው። ታዲያ መሐረብ የሰረቀ ሕፃን ምን ይጠቅማቸዋል? ምንም። ስለዚህ እያዩ ያልፉታል። «ገና 40 ፓውንድ አይመዝንም» ይባባሉ ነበር። ልጁ አድጎ ቤት እስኪሰብር፣ ሰው እስኪዘርፍ ይጠብቁታል። ለበዓል እንደሚቀለብ ሙክት ማለት ነው። ይህ ሽልማት የቀረው በ1818 ነው።

ሕጉስ? በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሞት የሚያስፈርዱ ጥፋቶች ከ200 በላይ ነበሩ። 7 ዓመት የሞላው ልጅ ከዳኛ ፊት ሊቆም ይችላል። ከ1801 እስከ 1836 ድረስ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው በአንዱ የለንደን ፍርድ ቤት ብቻ፣ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የሆነ 103 ልጆች በስርቆት ምክንያት ሞት ተፈረደባቸው። ሞት! ከ103ቱ አንድም አልተሰቀለም። ቅጣቱ በእስር ወይም በስደት ይለወጥ ነበር። ዳኛውም እንደማይሰቀሉ ያውቃል። ሕፃኑ ግን አያውቅም። ስሙ ሲጠራ ቆሞ የሞት ፍርዱን ይሰማል።

የተሰቀለ ልጅም አለ። በ1831 ጆን ኤኒ በርድ ቤል የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሜድስቶን በሚባል ከተማ ተሰቅሏል። 9 ሽልንግ ይዞ ይሄድ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ ገድሎ ነው። ይህን የምንነግራችሁ ልጆች ሁሉ የዋሆች ነበሩ እንዳትሉ ነው። የሟቹም እናት እናት ናት።

ሞት የቀረለት ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ወህኒ። በወህኒው ውስጥ የ10 ዓመቱ ልጅ ከ40 ዓመቱ ሌባ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ሲገባ መሐረብ መስረቅ ብቻ የሚያውቅ፣ ሲወጣ ቁልፍ መስበር ተምሮ ይወጣል። ከ1825 እስከ 1843 ድረስ ደግሞ ኢዩሪያለስ የሚባል አሮጌ የጦር መርከብ የልጆች እስር ቤት ሆኖ ነበር። በ1838 ፓርክኸርስት በሚባል ቦታ ለልጆች ብቻ የሚሆን ወህኒ ተከፈተ። ልጆቹ ከትልልቆቹ መለየታቸው ደግ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው በብረት ታስሮ፣ እንዳይነጋገሩ ተከልክለው ነበር የሚኖሩት። ከእነዚህ ልጆች ወደ 1500 የሚሆኑት ከ1842 ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ ተላኩ። አገራቸውን ዳግመኛ ያዩት ጥቂቶች ናቸው።

እስካሁን የነገርናችሁ መንግሥት ያደረገውን ነው። አሁን ደግሞ አንድ ጫማ ሰፊ ያደረገውን እንንገራችሁ።

ስሙ ጆን ፓውንድስ ይባላል። በ1766 ፖርትስመዝ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በመርከብ መሥሪያ ቦታ ተቀጠረ። በ15 ዓመቱ ውኃ ከሌለበት የመርከብ መጠገኛ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ አካሉ ተጎዳ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጎብጦ ቀረ። ለመርከብ ሥራ የማይሆን ስለ ሆነ ጫማ መስፋት ተማረ። ማንበብም ራሱ ተማረ። ሱቁ በጣም ጠባብ ነበረች፤ ወርዷ ከ2 ሜትር አታልፍም፣ ቁመቷ ከ6 ሜትር አትበልጥም።

ጆን ፓውንድስ እግሩ የተጎዳ የወንድም ልጅ ያሳድግ ነበር። ለልጁ እግር ማቃኛ ጫማ ሠራለት። ፊደልም ያስተምረው ጀመር። ልጁ ብቻውን እንዳይሰለቸው የጎረቤት ልጅ ጠራለት። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ከ1818 በኋላ ትምህርት ቤት ሆነ። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እስከ 40 ልጅ ይታጨቅ ነበር። ከእነርሱም የሚመርጠው በጣም የተራቆቱትን፣ ሌላው ሰው የሚጸየፋቸውን ነበር። አልመጣም የሚል ልጅ ሲያጋጥመው የተጠበሰ ትኩስ ድንች ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ድንቹን ሲበላ ሲበላ ሱቁ ደጃፍ ይደርሳል።

መጽሐፍ አልነበረውም። ከግድግዳ ላይ የተላጠ ማስታወቂያና የተቀዳደደ አሮጌ መጽሐፍ ነበር ማስተማሪያው። ጭኑ ላይ ጫማ ይዞ እየሰፋ፣ አንዱን ልጅ ያስነብባል፤ ሌላውን ሒሳብ ያስቆጥራል። ምግብ ማብሰልና የራሳቸውን ጫማ መጠገንም ያስተምራቸው ነበር። አንድ ሳንቲም ከማንም አልተቀበለም። በጥር 1 ቀን 1839 ሞተ።

እናንተም ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች፣ የዚህን ሰው ሥራ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ ብዬ አስባለሁ። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው በወረቀት ላይ «ትምህርት ማጣት፣ ሥራ ማጣት፣ የወላጅ ጥበቃ ማጣት» ብሎ የጻፈውን፣ ጆን ፓውንድስ ሳይጽፈው አውቆታል። ድንች፣ ፊደል፣ መርፌና ክር፤ ከዚያም ስሙን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ። ልጁ የጎደለው ይኸው ነበር።

ወህኒ ቤት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር የሞከረች ሴት ነበረች። ኤልዛቤጥ ፍራይ ትባላለች። ኒውጌት በሚባለው የለንደን ወህኒ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይታሰሩ ነበር። ፍራይ በ1817 ገደማ ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንክፈት አለች። አስተማሪዋ ማን ትሁን? እስረኞቹ ራሳቸው መረጡ። ሰዓት ሰርቃ የታሰረች፣ ማንበብ የምትችል ሜሪ ኮነር የምትባል ወጣት ነበረች። እርሷ አስተማሪ ሆነች።

ነገር ግን በደግ ሰው ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም። ሄንሪ ሜይሂው የሚባል ጋዜጠኛ በ1849ና በ1850 የለንደንን ድኾች እየዞረ ያነጋግር ነበር። ያነጋገራቸው በቴምዝ ወንዝ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግራቸው የሚዳክሩ ልጆች ነበሩ። ከጀልባ የወደቀ ከሰል፣ ሚስማር፣ የገመድ ቁራጭ ይለቅማሉ። ከጭቃው ከለቀሙ ሥራ ነው፤ ከጀልባው ላይ ካነሡ ስርቆት ነው። መካከሉ አንድ እርምጃ ብቻ ነው! አንዱ ልጅ ከጀልባ ላይ ከሰል ወስዶ 7 ቀን ታስሮ ነበር። ወህኒው እንዴት ነበር ሲባል አልከፋኝም አለ። እዚያ ኮት፣ ጫማና ካልሲ ይሰጡታል። ምግቡ ብዙ ባይሆንም ጦሙን አላደረም። በነፃነቱ ጊዜ ግን ጦሙን የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነበር።

እስቲ አስቡት። ወህኒ ቅጣት የሚሆነው ከቤት ሲከፋ ነው። ቤቱ ከወህኒ የባሰበትን ልጅ በምን ታስፈራሩታላችሁ?

በዚሁ ጊዜ ለጫማ ጠራጊ ልጆች አንድ ዘዴ ተፈጠረ። እኛ ሊስትሮ የምንላቸው መሆናቸው ነው። በ1851 በለንደን የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፍቶ እንግዳ በብዛት ይመጣ ነበር። ለድኻ ልጆች ነፃ ትምህርት ቤቶች ይከፍቱ የነበሩ ሰዎች፣ ከእነርሱም ጆን ማክግሬጎር፣ ልጆቹን ቀይ ልብስ አልብሰው፣ ብሩሽና ቀለም ሰጥተው በየመንገዱ ቦታ ሰጧቸው። አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። ልጁ በቀን ከሚያገኘው መጀመሪያ 6 ፔንስ ለራሱ ይወስዳል። የተረፈው ለሦስት ይካፈላል። አንዱ እጅ አሁንም ለልጁ፣ አንዱ እጅ ለማኅበሩ፣ ሦስተኛው እጅ በልጁ ስም ባንክ ይገባል። ዕቁብ ለምታውቁ ሰዎች ይህ ሒሳብ አይከብዳችሁም። ልጁ ማታ የሚቆጥረው ገንዘብ አለው፤ ነገ የሚጠብቀው ቦታም አለው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ሕጉን ካስለወጡት ሰዎች ዋነኛዋ ሜሪ ካርፔንተር ናት። በ1807 ተወለደች፤ አባቷ ሰባኪ ነበር። በ1846 ብሪስቶል በሚባል ከተማ በድኾች ሰፈር ትምህርት ቤት ከፈተች። የሚመጡት ልጆች ይሳደባሉ፤ ይደባደባሉ። አላባረረቻቸውም። በ1851 መጽሐፍ ጽፋ ልጆችን ወህኒ ማስገባት ስሕተት ነው ብላ ተከራከረች። የምትለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ልጅ ትንሽ ሰው ሳይሆን ልጅ ነው፤ በእስር ዘበኛ ሳይሆን ቤተሰብ በሚመስል ቤት ይታረማል። ፓርክኸርስትን አጥብቃ ነቀፈች። በ1852 ኪንግስዉድ በሚባል ቦታ የማረሚያ ትምህርት ቤት አቋቋመች። በ1854 ደግሞ ለልጃገረዶች ብቻ የሚሆን ሌላ ቤት ከፈተች።

በዚያው በ1854 ፓርላማው ሕግ አወጣ። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ጥፋተኛ ከ2 እስከ 5 ዓመት ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲላክ ፈቀደ። ነገር ግን ከመላኩ በፊት 14 ቀን ወህኒ ይቀመጥ ተባለ። ለምን? ብዙዎቹ የምክር ቤት ሰዎች «ሳይቀጣ እንዴት ይማራል?» ብለው ነዋ። ካርፔንተር ይህን 14 ቀን ተቃወመችው፤ አልተሳካላትም። እስራቱ ጨርሶ የቀረው በ1899 ነው። እርሷ በ1877 ስለ ሞተች አላየችውም።

የማረሚያ ትምህርት ቤቶቹ ደኅና ነበሩ ወይ? አንዳንዱ ደኅና ነበር። ብዙው ግን ቀስ በቀስ ወህኒ መሰለ። አጥር አለው፤ ደንብ ልብስ አለው፤ ዱላ አለው። ልጁ ከትምህርት ይልቅ ሲደክም ይውላል። ወላጁን ለዓመታት የማያይ ነበር። የመጀመሪያዋ ሐሳብ ቤተሰብ ነበረች፤ የቀረው ግንብ ነው። ደግሞም አዲስ ሕግ ሲወጣ አዲስ ጥፋተኛ ይወጣል። በ1880 ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ በእንግሊዝ አገር ግዴታ ሆነ። መልካም ነው። ነገር ግን እናቱን ሊረዳ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅም ከዳኛ ፊት ይቀርብ ጀመር። ትምህርት በነፃ የሆነው እኮ ከዚያ በኋላ በ1891 ነው።

በነገራችን ላይ በ1898 በጋ የለንደን ጋዜጦች ለሰፈር ጎረምሶች አዲስ ስም አወጡ። «ሁሊጋን» የሚለው ቃል በጋዜጣ የገነነው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹም «በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም» አሉ። ይህንኑ የ1816ቱ ሽማግሌዎችም ብለውት ነበር።

አሁን ባሕር እንሻገር። በ1899 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ለልጆች ብቻ የሚሆን ፍርድ ቤት ተከፈተ። ከእርሱ በፊት በአሜሪካ እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አልነበረም። እንዲከፈት የታገሉት ሴቶች ናቸው፤ ሉሲ ፍላወርና ጁልያ ላትሮፕ ይጠቀሳሉ። ጄን አዳምስም በ1889 በስደተኞች ሰፈር ሃል ሃውስ የሚባል የመረዳጃ ቤት ከፍታ ነበር። በአዲሱ ፍርድ ቤት ልጁ ከትልቅ ሰው ጋር አይከሰስም። ዳኛው ስለ ቤቱ፣ ስለ እናትና አባቱ፣ ስለ ትምህርቱ ይጠይቃል። ከተቻለም ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚከታተለው ሰው ይመደብለታል። መንግሥት በመጀመሪያ ለተከታታዮቹ ደመወዝ ስላልመደበ ገንዘቡን ያዋጡት የሴቶች ማኅበራት ናቸው።

በዚያችው ቺካጎ ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ሥራ ሠሩ። ፍርድ ቤት የቀረቡትን ልጆች መዝገብ ከ1900 ጀምሮ እያገላበጡ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚኖርበትን ቤት በከተማው ካርታ ላይ በነጥብ አመለከቱ። ነጥቦቹ በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ አካባቢ፣ ቤቱ በፈራረሰበት ሰፈር ተከማቹ። ይህ ብዙም አይደንቅም። የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በእነዚህ ሰፈሮች በመጀመሪያ ጀርመኖችና አየርላንዶች ይኖሩ ነበር። እነርሱ ሲያልፍላቸው ለቀው ሄዱ፤ ፖላንዶችና ጣልያኖች ገቡ። ነዋሪው በሙሉ ተለወጠ። ነጥቦቹ ግን እዚያው ቀሩ። ለቀው ወደ ተሻለ ሰፈር የሄዱት ሰዎች ልጆችም ከፍርድ ቤት እየራቁ ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ይህን በ1942 በመጽሐፍ አወጡት። «የእገሌ ዘር ሌባ ነው» የሚለውን ወሬ እንዲህ ያለ ካርታ ያፈርሰዋል።

እንግዲህ የልጆች ፍርድ ቤት ሁሉን አቃና ማለት ነው? አይደለም። በ1964 በአሪዞና ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ ለአንዲት ጎረቤት በስልክ ብልግና ተናገረ ተብሎ ተያዘ። ሲያዝ ለወላጆቹ የነገራቸው የለም። ከሳሿ ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ጠበቃ አልነበረውም። የተባለውም በጽሑፍ አልተያዘም። ዳኛው 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወደ ማረሚያ ቤት ይሂድ አለ። 6 ዓመት ሊሆን ነው! ያንኑ ጥፋት ትልቅ ሰው ቢሠራው ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም 2 ወር እስራት ነበር። ለልጁ ያልተሰጠበት ምክንያት ምንድን ነው? «እኛ እየቀጣነው አይደለም፤ እያሳደግነው ነው፤ ስለዚህ ጠበቃ አያስፈልገውም» ስለ ተባለ ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1967 ይህን ሻረ። ልጅም ቢሆን የተከሰሰበትን ማወቅ፣ ጠበቃ ማግኘት፣ ምስክር መጠየቅና ዝም ማለት መብቱ ነው ተባለ። «ምን ጎድሎት ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው፣ «በእርግጥ አድርጎታል ወይ?» የሚለውንም መርሳት የለበትም ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። በ1949 ዓ.ም. አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊስ የሕግ ሊቅ ነው። በአውሮፓ ሲበስል የቆየው ስለ ልጆች ያለ ሐሳብ በዚህ መንገድ ወደ እኛ ሕግ ገባ። በሕጉ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ለትልቅ ሰው የተጻፈው ቅጣት አይሰጠውም። የታመመ ከሆነ እንዲታከም ይላካል። ወይም በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ እንዲማር ይደረጋል። ወይም ይገሠጻል። ወይም በቤቱ ወይም በትምህርት ቤት ተዘግቶበት ይቆያል። ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ይላካል። ከ15 እስከ 18 ያለው በትልቅ ሰው ሕግ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም።

ያ ሕግ አለንጋውን አልጣለም ነበር። ወጣት ጥፋተኛን ማስገረፍ በ1949ኙ ሕግ ተፈቅዶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ግን ግርፋት ቀርቷል፤ 9፣ 15ና 18 የሚሉት ዕድሜዎች እንዳሉ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች በማረሚያ ሲቀመጡ ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የኒውጌትን ወህኒ ያስታወሰ ሰው የዚህ ቃል ትርጉም ይገባዋል።

እንግዲህ ምናልባት ከመካከላችሁ የልጁ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ነገር ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰው ይኖር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የልጁ ጉዳይ በትልቁ ችሎት፣ ሰው ተሰብስቦ በሚያይበት ቦታ እንዳይሰማ አድርጓል። ዳኛው በጽሕፈት ቤቱ ሆኖ፣ እንደ ችሎት ሥርዓት ሳያስጨንቅ፣ በጨዋታ ዐይነት ነገሩን ይሰማል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ይገባል። ምስክርና ዐዋቂ ሊገባ ይችላል። ሌላው ሰው በውጭ ይቀራል።

ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ አኗኗሩ ማስረጃ ማስቀረብ ይችላል። ወላጁን፣ አሳዳጊውንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ማን ያሳድገዋል? የት ያድራል? ከማን ጋር ይውላል? ትምህርቱን ለምን አቋረጠ? እናንተ ወላጆች ተጠርታችሁ ስትገቡ የምትጠየቁት ይህን ነው። ልጁ ያደረገውን ፖሊሱ ይናገራል። ይህን ሌላውን ግን ከእናንተ በስተቀር የሚያውቅ የለም።